የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች መብትና ድጋፍ በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት

ወደ ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ መመደብ የእኩልነት የመጀመሪያው እርምጃ እንጂ መጨረሻው አይደለም። የተመደበው ተማሪ ትምህርቱን በአግባቡ መከታተል፣ ዕውቀቱን በፈተና ማሳየት፣ በግቢው ማኅበራዊ ሕይወት መሳተፍና በደል ሲደርስበት ፍትሕ ማግኘት ካልቻለ ምደባው ብቻውን ትርጉም አይኖረውም። ይህ ጽሑፍ አካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ምን ዓይነት ድጋፍ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው፣ ድጋፉን ለማግኘት ምን ማድረግ እንደሚገባቸውና መብታቸው ሳይከበር ሲቀር አቤቱታቸውን ወዴት ማቅረብ እንደሚችሉ ያብራራል። ጽሑፉ ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን የተዘጋጀ ነው።

የመብቱ የሕግ መሠረት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። በአንቀጹ አካል ጉዳት በስም ተለይቶ ባይጠቀስም፣ የልዩነት ምክንያቶች ዝርዝር ሌሎች ሁኔታዎችንም እንዲያካትት ክፍት ሆኖ የተቀረጸ በመሆኑ ጥበቃው አካል ጉዳተኞችንም ይመለከታል። አንቀጽ 41 በበኩሉ መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 24 አካል ጉዳተኞች ያለ አድልዎ ከፍተኛ ትምህርት እንዲያገኙና ለዚህም ምክንያታዊ ማመቻቸት እንዲደረግላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 2 ደግሞ ምክንያታዊ ማመቻቸትን መንፈግ ራሱ የአድልዎ ዓይነት መሆኑን ይገልጻል። ስለሆነም ተማሪው የሚጠይቀው ድጋፍ በመምህሩ ወይም በኃላፊው በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ስጦታ ሳይሆን በሕግ የታወቀ መብት ነው።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተቋማት አካል ጉዳት ያለባቸውን ተማሪዎች ፍላጎት ከግምት እንዲያስገቡ ይጠይቃል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በበኩሉ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ምቹ መግቢያና ተስማሚ መጸዳጃ ቤት እንዲኖራቸው ያዛል።

ሕጎቹ በተለያየ አገላለጽ የተቋሙን አቅም ከግምት ያስገባሉ። ይህ ግን ተቋሙን ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርግ አይደለም። አሳንሰር ለመትከል በጀት የሌለው ኮሌጅ በሦስተኛው ፎቅ የሚሰጠውን ትምህርት ወደ ምድር ቤት ለማዛወር የሚያስፈልገው የክፍል ድልድሉን ማስተካከል ብቻ ነው።

የድጋፍ ዓይነቶች

የሚደረገው ድጋፍ እንደ ጉዳቱ ዓይነትና እንደ ተማሪው ፍላጎት ይለያያል። በተለምዶ የሚያስፈልጉት የሚከተሉት ናቸው፡-

• ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች፡- በብሬል፣ በድምፅ ወይም በኮምፒውተር ሊነበብ በሚችል ፋይል የተዘጋጀ የትምህርት ጽሑፍ፣ የስክሪን ንባብ ሶፍትዌር የተጫነበት ኮምፒውተር፣ እንዲሁም በፈተና ወቅት አንባቢና ጸሐፊ። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚለጠፍ የክፍል ለውጥ ወይም የፈተና ፕሮግራም ስለማይደርሳቸው መረጃው በሌላ መንገድም ሊነገራቸው ይገባል።

• መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች፡- የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ በጽሑፍ የተዘጋጀ የትምህርት ማስታወሻና ከፊት ለፊት የመቀመጫ ቦታ። መምህሩ ወደ ጥቁር ሰሌዳ ዞሮ በሚናገርበት ጊዜ ከንፈር በማንበብ የሚከታተል ተማሪ ትምህርቱ ይቋረጥበታል።

• የእንቅስቃሴ ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች፡- ምድር ቤት የሚገኝ የመኝታና የመማሪያ ክፍል፣ መወጣጫ፣ ተስማሚ መጸዳጃ ቤት፣ እንዲሁም መጻፍ ለሚቸገሩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ኮምፒውተር።

• በግልጽ የማይታይ ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች፡- የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ጤና እክል ወይም የመማር ችግር ያለባቸው ተማሪዎች ከሌላው ሰው የተለዩ መስለው ስለማይታዩ ብዙ ጊዜ ሳይደገፉ ይቀራሉ። እነዚህም ተማሪዎች ተጨማሪ ጊዜ፣ ጸጥ ያለ የፈተና ክፍልና የምክር አገልግሎት መጠየቅ ይችላሉ።

ፈተናና ፍትሕ

ከሁሉም በላይ አለመግባባት የሚፈጠረው በፈተና ጉዳይ ነው። ለአንድ ተማሪ ተጨማሪ ሰዓት መስጠት ሌሎቹን እንደሚጎዳ ወይም የትምህርት ጥራትን እንደሚቀንስ የሚያስቡ አሉ። ፈተና ግን የተዘጋጀው ተማሪው የትምህርቱን ይዘት ማወቁን ለመመዘን እንጂ በዓይኑ የማንበብ ወይም በእጁ በፍጥነት የመጻፍ ችሎታውን ለመለካት አይደለም። ጥያቄውና የእርማት መስፈርቱ ለሁሉም አንድ ናቸው፤ የሚለወጠው ጥያቄው የሚቀርብበትና መልሱ የሚሰጥበት መንገድ ብቻ ነው።

የዚህ ውሳኔ ውጤት ቀላል አይደለም። አንባቢው ዘግይቶ በመምጣቱ ግማሹን ጥያቄ ሳይሠራ የወጣ ተማሪ የሚያገኘው ዝቅተኛ ውጤት ለመመረቅ ከሚያስፈልገው የ2.00 ነጥብ ሊያወርደው ብሎም ከትምህርት ገበታው ሊያሰናብተው ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች በሙሉ የመውጫ ፈተና የሚወስዱ ሲሆን፣ ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ በመሆኑ ማየት የተሳናቸው ተፈታኞች የሚያስፈልጋቸው ድጋፍ ከፈተናው ቀን በፊት ተለይቶ መዘጋጀት ይኖርበታል።

ድጋፍ ለማግኘት መከናወን ያለባቸው ተግባራት

1. በምደባ ወቅት ማሳወቅ፡- አመልካቾች ለዩኒቨርሲቲ ምርጫ በሚሰጠው ጊዜ ውስጥ የአካል ጉዳታቸውን ወይም የጤና ሁኔታቸውን ማሳወቅና የሚጠየቁትን የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ አለባቸው። የማስረጃው ዓይነትና የማቅረቢያው ቀን በየዓመቱ በሚወጣው ማስታወቂያ ይገለጻል።

2. በተቋሙ መመዝገብ፡- ተማሪው በግቢው እንደደረሰ በልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ድጋፍ ላይ በሚሠራው ክፍል መመዝገብ ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ክፍል በሌለበት ተቋም ጥያቄው ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ይቀርባል።

3. ፍላጎትን በጽሑፍ ማስቀመጥ፡- «እርዳታ እፈልጋለሁ» ከማለት ይልቅ «ለእያንዳንዱ ፈተና አንባቢና ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልገኛል» የሚል ዝርዝር ጥያቄ አፋጣኝ ምላሽ ለማግኘት ይረዳል። የማመልከቻው ግልባጭ ቀኑ ተጽፎበት በተማሪው እጅ ሊቀመጥ ይገባል።

4. በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ከመምህራን ጋር መነጋገር፡- መምህራን በየሴሚስተሩ ስለሚለዋወጡ ባለፈው ጊዜ የተደረሰበት ስምምነት ለአዲሱ መምህር ላይደርስ ይችላል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ስምምነቱን እንዲያውቀው ማድረግ ጠቃሚ ነው።

ቅሬታ ስለማቅረብ

ድጋፍ የተከለከለ ወይም መድልዎና ትንኮሳ የደረሰበት ተማሪ ቅሬታውን በቅድሚያ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለኮሌጁ ዲን ወይም ለተማሪዎች ዲን፣ በመጨረሻም ለተቋሙ የበላይ አመራር ማቅረብ ይችላል። የፈተና ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ በየተቋሙ የሕግ ደንብ የተወሰነና ብዙውን ጊዜ አጭር በመሆኑ ውጤት እስኪለጠፍ መጠበቅ አይመከርም፤ ችግሩ በተፈጠረበት ዕለት በጽሑፍ ማሳወቅ ይበልጥ ያስተማምናል።

በተቋሙ ውስጥ መፍትሔ ካልተገኘ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ወይም የአስተዳደር በደልን በተመለከተ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። አቤቱታው በቃልም ሆነ በጽሑፍ፣ በራስም ሆነ በቤተሰብ ወይም በወኪል አማካይነት ሊቀርብ ይችላል።

የግቢው ማኅበረሰብ ድርሻ

ሕግና መመሪያ ክፍሉን ምቹ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ተማሪው የግቢው አባል እንደሆነ እንዲሰማው የሚያደርጉት ግን አብረውት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ማየት የተሳነውን ተማሪ ክንዱን ከመያዝ በፊት እርዳታ ይፈልግ እንደሆነ መጠየቅ፣ መስማት የተሳናትን ተማሪ በአስተርጓሚዋ በኩል ሳይሆን ፊት ለፊት እያዩ ማነጋገር፣ የቡድን ሥራ ሲከፋፈል አካል ጉዳት ያለበትን ተማሪ «አንተ አትቸገር» ብሎ ከሥራው አለማግለል ይገባል። በደግነት የተነገረ እንዲህ ያለ ቃል ተማሪውን ከትምህርቱም ከወዳጅነቱም ውጭ ያደርገዋል።

የሕግ ባለሙያዋና የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቿ የትነበርሽ ንጉሤ በልጅነቷ የዓይን ብርሃኗን ካጣች በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራለች። በዩኒቨርሲቲው በነበረችበት ጊዜ የሴት ተማሪዎችን ማኅበር የመራች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸላሚ ሆናለች። የተማሪዎች ኅብረቶችና ክበባትም አካል ጉዳት ያለባቸውን አባላት ስለ አካል ጉዳት ጉዳይ ብቻ እንዲናገሩ ከመጋበዝ አልፈው ማኅበራቸውን እንዲመሩ ዕድል ሊሰጧቸው ይገባል።

ወላጆችና አዲስ ገቢ ተማሪዎች የሕክምና ማስረጃቸውን፣ የቀደመ ትምህርት ቤታቸው ያደርግላቸው የነበረውን ድጋፍ የሚገልጽ ደብዳቤና የሚጠቀሙባቸውን መርጃ መሣሪያዎች ዝርዝር ከምዝገባው ቀን አስቀድመው እንዲያዘጋጁ ይመከራል።