ባሕሩ ሩቅ ቢሆንም

ዲላ ላይ ሆኖ ስለ መርከበኞች ፊልም ማውራት እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ ከቡናና ከእንሰት አገር ባሕሩ ሩቅ ነው። «ኢን ዊች ዊ ሰርቭ» ግን ባሕር ላላየም አይከብድም። ብዙው ታሪክ የሚያልፈው የብስ ላይ፣ በየቤቱ ነው።

ፊልሙ የወጣው በ1942 እ.ኤ.አ.፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ ነው። እንግሊዛዊው ኖኤል ካዋርድ ድርሰቱን ጽፏል፣ ሙዚቃውን ሠርቷል፣ ካፒቴን ኪንሮስን ሆኖም ተውኗል። አብሮት ያዘጋጀው ዴቪድ ሊን ሲሆን፣ በኋላ «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ»ን የሠራው ይኸው ሰው ለዝግጅት የበቃው በዚህ ፊልም ነው። የታሪኩ መርከብ «ቶሪን» የተቀዳችው ከ«ኬሊ» ነው። ሎርድ ሉዊ ማውንትባተን ያዝዟት የነበረችው «ኬሊ» ግንቦት 1941 እ.ኤ.አ. ቀርጤስ አጠገብ በጀርመን አውሮፕላኖች ተመታ ሰምጣለች።

«ቶሪን»ም የምትሰምጠው ገና በመጀመሪያው ላይ ነው። ዘይት የለበሱት መርከበኞች አንዲት ተንሳፋፊ ላይ ተንጠልጥለው ሳለ እያንዳንዱ ቤቱን ያስባል፤ ሚስት፣ አማት፣ የገና እራት። የካፒቴኑ ሚስት አሊክስ በገና ማዕድ ላይ ስለ መርከቧ ስትናገር ስለ ጣውንቷ የምትናገር ነው የሚመስለው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። መርከበኛው ሾርቲ ብሌክ ከቤት ደብዳቤ ይደርሰዋል፦ ሚስቱ በሰላም ተገላግላለች፤ የባልደረባው የሃርዲ ሚስትና አማቱ ግን በቦምብ ሞተዋል። ሃርዲ በዚያች ሰዓት ለሚስቱ ደብዳቤ እየጻፈ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ በማለዳ ይነገራል። እዚያ ጠባብ መርከብ ውስጥ የአንድ ጓደኛ አንደበት ብቻ አለ፤ ሾርቲ መርዶውን በጥቂት ቃላት ይናገራል። ሃርዲ አይጮኽም፤ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል።

ጉድለትም አለው። የተሠራው ሕዝብ ለማበርታት ስለሆነ መኮንኑ ሁሉ ጨዋ፣ ተራው መርከበኛ ሁሉ ታማኝ ነው፤ ካፒቴኑ ሲናገር ስብከት የሚመስልበት ጊዜ አለ። እንዲያም ሆኖ ቤቶቹ ያድኑታል።

እኛም «ኢትዮጵያ» የምትባል መርከብ ነበረችን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ኦርካ» ተብላ አሜሪካን ያገለገለች፣ በ1962 እ.ኤ.አ. ለባሕር ኃይላችን የተሰጠች፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ የመን የሸሸች። ታሪኳ ሲወራ የመርከብ ስምና የጄኔራል ስም እንሰማለን፤ ምጽዋ ላይ ባሏን ስትጠብቅ የኖረችውን ሴት የሚያሳይ ፊልም ግን እኔ እስካሁን አላየሁም።