«ቁልፍ» እና «መክፈቻ»፦ የሥሪት ቁጥጥር የማንነት ማረጋገጫ ስያሜዎችና የስሕተት አፈላለግ

እንደሚታወቀው በአማርኛ «ቁልፍ» የሚለው ቃል ከአንድ በላይ ፍቺ አለው። የሚዘጋው ጓጉንቸር፣ የሚከፍተው መሣሪያ፣ የልብስ መያዣውም በዚሁ ስም ይጠራሉ። በዕለታዊ ንግግር ዐውዱ ስለሚለየው ችግር አይፈጥርም። ነገር ግን «ቁልፍህን ላክ» የሚል ቃል በኮምፒውተር መምሪያ ላይ ሲጻፍ፣ አንባቢው ከሁለት ፋይሎች የትኛውን እንደሚልክ የሚወስነው የተርጓሚው ምርጫ ነው። የተሳሳተውን ከላከ፣ በስሙ ወደ ሥራ ማኅደሩ የመግባት ሥልጣኑን ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

1. የአሠራሩ ባሕርይ

የሥሪት ቁጥጥር በአንድ ጽሑፍ ወይም ፕሮግራም ላይ የተደረጉ ለውጦችን በተራ መዝግቦ የሚያቆይ ዘዴ ነው። በብዛት የሚሠራበት ጊት እ.ኤ.አ. በ2005 በሊኑስ ቶርቫልድስ ተጀመረ። ከሩቅ አገልጋይ ጋር ከሚገናኝባቸው መንገዶች አንዱ የሆነው ኤስ ኤስ ኤች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ ተሠራ። የማንነት ማረጋገጫው ዲፊና ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት የጥንድ ቁልፎች ሐሳብ ላይ ያረፈ ነው። ከጥንዱ አንዱ በአገልጋዩ ላይ ይመዘገባል፤ ሌላው ከባለቤቱ ኮምፒውተር አይወጣም። ባለቤቱ በምስጢር በያዘው ይፈርማል፤ አገልጋዩም ፊርማውን በተመዘገበው ያመሳክራል።

2. ስለ ስያሜዎቹ

ጥንዱን «የሕዝብ ቁልፍ» እና «የግል ቁልፍ» ብሎ መተርጐም የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ስያሜዎች አንባቢውን ወደ ባለቤትነት ይመሩታል። በእውነቱ ሁለቱም የአንድ ሰው ንብረት ናቸው፤ ልዩነታቸው በመገለጥና በመሰወር ነው። ስለሆነም «ይፋ ቁልፍ» እና «ምስጢራዊ ቁልፍ» ቢባሉ ይሻላል እንላለን። ለማብራሪያም፣ ይፋው በአገልጋዩ በር ላይ እንደሚገጠም ጓጉንቸር፣ ምስጢራዊው ከኪስ እንደማይወጣ መክፈቻ ነው ቢባል አንባቢ በቀላሉ ይረዳዋል።

3. ስለ ስሕተት አፈላለግ

ግንኙነቱ ሳይሳካ ሲቀር በትእዛዝ መስመሩ ላይ የሚወጣው መልእክት በጥሬው «ፈቃድ ተከልክሏል» ተብሎ ይተረጐማል። ይህን ያነበበ ሰው ወደ ኀላፊው ሄዶ ፈቃድ ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉድለቱ ማንነቱ አለመረጋገጡ ነው። በመሆኑም «ማንነትዎ በቁልፍ አልተረጋገጠም» ቢባል ወደ ትክክለኛው መፍትሔ ይመራል። ፍለጋውም በሚከተለው ተራ ቢካሄድ ይመረጣል።

ሀ. ጊትን ለጊዜው ትቶ ከአገልጋዩ ጋር ብቻ መገናኘትና ዝርዝር የሚያሳየውን አማራጭ መጨመር። የትኛው ቁልፍ እንደቀረበ ከዚህ ይታያል።

ለ. የተጠቃሚ ስሙን መመርመር። በብዙ አገልጋዮች የሚጻፈው የሰውየው ስም ሳይሆን «ጊት» የሚለው ቃል ነው።

ሐ. ይፋው ቁልፍ በትክክለኛው መዝገብ ላይ መመዝገቡን ማረጋገጥ።

መ. የምስጢራዊውን ፋይል ጥበቃ ማየት። ከባለቤቱ ሌላ የሚያነበው ካለ ፕሮግራሙ ቁልፉን አይቀበልም።

ሠ. «ወኪል» የምንለው ቁልፍ ያዥ ፕሮግራም ቁልፉን መያዙን መጠየቅ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ባዶ ሊሆን ይችላል።

የፊደላችን ጠባይም የራሱን ስሕተት ያመጣል። ለምሳሌ ያህል፣ በለገዳዲ የሚሠራ አንድ ተርጓሚ ቁልፉን በቦታው ስም በሰየመው ፋይል አስቀመጠ እንበል። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ስለሆነ ስሙን አንዱ «ለገዳዲ» ብሎ አጣምሮ፣ ሌላው «ለገ ዳዲ» ብሎ ነጥሎ ሊጽፈው ይችላል። ለሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። ለትእዛዝ መስመሩ ግን ባዶው ቦታ የቃል ድንበር ነውና፣ ስሙ በትእምርተ ጥቅስ ካልታጠረ ሁለት ስሞች ይሆኑበታል፤ ፋይሉም አልተገኘም ይላል። ቁልፉን የሚጠብቀው የይለፍ ሐረግም እንዲሁ ነው፤ «ፀሐይ» ብሎ የመዘገበ ሰው «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ አይከፈትለትም። ሐረጉ ሲጻፍ በመስኮቱ ላይ ስለማይታይ ስሕተቱን በዓይኑ ሊያገኘው አይችልም።

4. ስለ «አሻራ»

አገልጋዩም በበኩሉ ማንነቱን በቁልፍ ያስረዳል፤ የዚህ ቁልፍ አጭር መለያ «አሻራ» ይባላል። አሻራው ከቀድሞው ሲለይ ፕሮግራሙ ግንኙነቱን አቋርጦ ያስጠነቅቃል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ጊትሀብ ከአገልጋይ ቁልፎቹ የአንዱ ምስጢራዊ ክፍል ለአጭር ጊዜ በይፋ ማኅደር ውስጥ በመታየቱ ቁልፉን ለወጠ፤ ማስጠንቀቂያውም በብዙ ተጠቃሚዎች ዘንድ ታየ። ተገቢው እርምጃ አዲሱን አሻራ ድርጅቱ ካወጣው ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር፣ ከዚያም አሮጌውን መሰረዝ ነበር። ተርጓሚው መልእክቱን «ለመቀጠል አሮጌውን ይሰርዙ» ብሎ ቢያሳጥረው ማመሳከሩ ይቀርና፣ አንባቢው ለአስመሳይ አገልጋይ በሩን ይከፍታል።

ከዚህ በላይ እንደተገለጸው የስያሜ ምርጫ የቃል ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቃሉ የአንባቢውን እጅ ይመራልና፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ከፍቺው ጋር «የሚሰጥ» ወይም «የማይሰጥ» የሚል ማስታወሻ እንዲያክሉ እናሳስባለን።