የዐረብ ሀገር ቁርጥማት፦ ብርድ ነው ወይስ የፀሐይ እጦት?



በምሠራበት መድኃኒት ቤት ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት መጥተው ሃምሳ ፍሬ ዳይክሎፌናክ ጠየቁኝ። ለማን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሳዑዲ ላለችው ልጄ በሰው ልልክላት ነው። አጥንቷን እየቆረጠማት ደረጃ መውጣት አቅቷታል። ያ ኤሲ የሚሉት ነገር ብርድ አስገብቶባት ነው» አሉኝ። እዚህ ሳለች ራስ ምታት እንኳን የማታውቅ ልጅ እንደነበረች ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ቁርጥማት ብዙ ምክንያት አለው። ነገር ግን በሰው ቤት በሚሠሩ እህቶቻችን ላይ መጀመሪያ ሊጠረጠሩ ከሚገባቸው አንዱ የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። «በረሃ ሄዶ ፀሐይ ማጣት እንዴት ይሆናል?» ትሉ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛውን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ፀሐይ ሲያርፍበት ቆዳችን ራሱ ነው። ሀገር ቤት ውኃ ስንቀዳ፣ ልብስ ስናሰጣ፣ ገበያ ስንሄድ ሳናስበው ፀሐይ እናገኛለን። እዚያ ግን ብዙዎቹ ከንጋት እስከ ሌሊት በተዘጋ ቤት ውስጥ ናቸው። በመስኮት የሚገባው ብርሃን አይተካውም፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወት ያስቀረዋል። ጠቆር ያለ ቆዳም ከነጣ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ የፀሐይ ጊዜ ይፈልጋል። ቫይታሚኑ ሲያንስ ሰውነት ካልሲየምን ከምግብ በደንብ መውሰድ ያቅተዋል። ወገብና ጭን ያማል፣ ጡንቻ ይዝላል፣ አጥንትም ይሳሳል።

ታዲያ ማስታገሻ ቢላክላት ምን ይጎዳል? ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ሕመሙን ለሰዓታት ያስታግሳሉ እንጂ የጎደለውን አይሞሉም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም መቀነሳቸው ነው። በሙቀት ብዙ ላብ የወጣት፣ ውኃ በወጉ ያልጠጣች ሴት በየቀኑ ስትውጣቸው ኩላሊቷ ሊጎዳ፣ ጨጓራዋም ሊደማ ይችላል። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው መድኃኒቶች ደግሞ በባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ጥብቅ ቁጥጥር ስለሚደረግባቸው አደራ የተቀበለውን መንገደኛ ለእስር ሊዳርጉት ይችላሉ።

ስለዚህ ባሕር ማዶ ላሉት እህቶቻችን የሚከተለውን ንገሩልን፦

1. ምርመራ ይቅደም። የደም ምርመራው እዚያ «ፊታሚን ዳል» ይባላል። ሐኪሙን «ዒንዲ አለም ፊል-ዐዝም» (አጥንቴን ያመኛል) ብትለው ይረዳታል። እግረ መንገዷንም ኩላሊቷንና ስኳሯን ትታይ። ከጉዞ በፊት የሚደረገው ምርመራ በዋናነት ተላላፊ በሽታዎችን የሚፈልግ ስለሆነ «ጤነኛ ብለውኝ ነው የመጣሁት» ማለት አይበቃም።

2. መድኃኒቱን በታዘዘው ልክ ብቻ። ባለ 50,000 ዩኒት ኪኒን ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ ነው። በየቀኑ ከተዋጠ በደም ውስጥ ካልሲየም አብዝቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ለጤነኛ አዋቂ የቀኑ ፍላጎት 600 ዩኒት ገደማ ነው።

3. ፀሐይና ምግብ። ባዕድ ወንድ በማያይበት ሰገነት ወይም ግቢ፣ ሙቀቱ በማይከብድበት ወር፣ ፊትንና ክንድን ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ማስነካት። ሰርዲን፣ የእንቁላል አስኳልና ቫይታሚን ዲ የተጨመረበት ወተትም ይረዳሉ።

4. ውኃ። ሽንት ከጠቆረ ውኃ አንሷል ማለት ነው። ሳይጠማም መጠጣት የኩላሊት ጠጠርን ለመከላከል ይጠቅማል። በረመዳን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ቀስ በቀስ ይጠጣ። የኩላሊት ሕመም ያለባት እህት ከመጾሟ በፊት ሐኪም ታማክር፤ ዲናችን ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል።

5. ሽንት ከቆመ፣ ደም ከታየበት ወይም ራስን ከሳቱ አምቡላንስ መጥራት። በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998፣ በኩዌት 112 ነው።

እኒያን እናት ዳይክሎፌናኩን ከለከልኳቸውና እዚያው ሆነን በስልክ ደወልንላት። ልጅቷ ለመዳሟ ያልነገረችው ታማለች ብላ ወደ ሀገር እንዳትመልሳት ፈርታ ነበር። የቫይታሚን እጥረት ተላላፊ እንዳልሆነና እንደሚታከም ስነግራት እፎይ አለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የምርመራ ውጤቷን ፎቶ አንስታ ላከችልን፤ በእርግጥም ቫይታሚኗ በጣም አንሶ ነበር። ዛሬ አልሐምዱሊላህ ሕክምናዋን ጀምራለች።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ሲደውሉ ስለ ደመወዙ ከመጠየቃችሁ በፊት «ፀሐይ አገኘሽ ወይ? ውኃ ጠጣሽ ወይ?» በሏቸው። አላህ በያሉበት ይጠብቃቸው፤ አሚን።