የገጣጠማችሁት ኮምፒውተር አልነሳ ካለ፦ ሌላ ዕቃ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት

የዚህን ገጽ ቪዲዮዎች የምናቀናብርበትን ዴስክቶፕ ራሳችን ነን የገጣጠምነው። ገንዘቡን ለማጠራቀም አንድ ዓመት ፈጅቶብናል። ግማሹን ዕቃ ከዚሁ ከአዲስ አበባ ገዛን፣ ግማሹ ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ መጣልን። የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቀን ማብሪያውን ስንጫን ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ደጋግመን ብንሞክር ወይ ፍንክች!

በማግስቱ ተሸክመን ጥገና ቤት ወሰድነው። ሰውዬው ኬዙን እንኳ ሳይከፍት "ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዙ" አለን። ክው አልን። ሌላ ማዘርቦርድ ማለት ለእኛ ሌላ የስንት ወር ቁጠባ ነው።

ማዘርቦርዱ ግን ደህና ነበር። እንዴት እንዳወቅን ከታች እንነግራችኋለን። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ አዲስ በተገጠመ ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተቃጠለ ዕቃ ሳይሆን በደንብ ያልገባ ዕቃ ነው። እሱን ለማጣራት ደግሞ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ላጲስና ትዕግስት ይበቃል።

ከመንካታችሁ በፊት

ስፒናውን ከሶኬት ንቀሉ። ከዚያ ማብሪያውን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት፣ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ። ዕቃዎቹን ከመንካታችሁ በፊት የኬዙን ብረት ንኩ፤ ከሰውነታችን የሚወጣ ስታቲክ ራምና ፕሮሰሰር ሊጎዳ ይችላል። ምንም ነገር ከመንቀላችሁ በፊት ደግሞ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የቱ ገመድ የት እንደነበር በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፓወር ሳፕላዩን ራሱን በፍጹም እንዳትከፍቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

አሁን "አልነሳም" ያለው እንዴት እንደሆነ ለዩ። ሦስት ዓይነት አለ።

1. ጭራሽ ዝም ካለ

ፋን አይዞርም፣ መብራት የለም፣ ድምፅም የለም። እዚህ ጋ ፍለጋው ከግድግዳው ይጀምራል። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ ይሰራ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ኬዙ ጀርባ ፓወር ሳፕላዩ ላይ ያለችውን ማብሪያ ተመልከቱ። ሰረዝ ያለበት ወገን ሲጫን በርቷል፣ ክብ ያለበት ሲጫን ጠፍቷል። ስንቱን ላብ በላብ ያደረገች ትንሽ ማብሪያ ናት!

አንዳንድ ፓወር ሳፕላይ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ አለ። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ስለሆነ 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ ሆኖ እዚህ ብትሰኩት ይቃጠላል። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለም።

ቀጥሎ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካውን ትልቁን ባለ 24 ፒን ገመድ ጫን አድርጉት፤ "ቀጭ" እስኪል መግባት አለበት። አሁንም ዝም ካለ የኬዙ ማብሪያ ገመድ የተሳሳተ ፒን ላይ ገብቶ ይሆናል። በማዘርቦርዱ ማኑዋል ላይ "ፓወር ስዊች" የተባሉትን ሁለት ፒኖች ፈልጉ። ስፒናውን መልሳችሁ ሰክታችሁ ሁለቱን ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ ብቻ አገናኟቸው። ከተነሳ ጥፋቱ የማብሪያው ነው። ካልተነሳ ፓወር ሳፕላዩን መጠርጠር ይቻላል።

2. ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው

የእኛው ችግር ይህ ነበር። ብዙ ሰው "ተቃጠለ" ብሎ ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። በተራ እንየው።

የሞኒተሩ ገመድ፦ ግራፊክስ ካርድ ካላችሁ ገመዱ የሚሰካው ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ስማቸው መጨረሻ ላይ ኤፍ ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ለምሳሌ ኮር አይ5 12400ኤፍ፣ በራሳቸው ምስል አያወጡም። እንደ ራይዘን 5 5600 ያሉትም እንዲሁ። እነዚህን ይዛችሁ ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ ብትሰኩ እስከ ነገ ብትጠብቁ ምንም አታዩም።

የፕሮሰሰሩ ገመድ፦ እኛን ጉድ የሰራን ይኸው ነው። ባለ 24 ፒኑ ብቻውን አይበቃም። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ በግራ ጥግ፣ ሌላ ባለ 8 ፒን ገመድ ይሰካል። እሱ ካልገባ ፋኑ ሊዞር፣ መብራቱም ሊበራ ይችላል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ኃይል አያገኝም። የእኛ ገመድ ከኬዙ ጀርባ ታጥፎ ተቀምጦ ነበር! የግራፊክስ ካርዱ ገመድም 8 ፒን ስለሆነ እንዳትሳሳቱ፤ ቅርጻቸው ይለያያል። አልገባም ካለ በጉልበት አትግፉት።

ራም፦ ሁሉንም አውጡ። ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹህ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉና ብናኙን አራግፉ። ከዚያ አንዱን ብቻ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ ክተቱ። አራት ማስገቢያ ባላቸው ማዘርቦርዶች ላይ በአብዛኛው ትክክለኛው ቦታ እሱ ነው፤ ማኑዋሉንም እዩ። እስኪቆልፍ ድረስ ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑት። ካልሰራ በሌላኛው ራም ሞክሩ።

ትዕግስት፦ ዲዲአር 5 ራም ያለው ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ራሙን ለማላመድ ደቂቃዎች ሊወስድበት ይችላል። ስክሪኑ ጥቁር ነው ብላችሁ ቶሎ አታጥፉት። ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ።

ትንንሾቹ መብራቶች፦ ብዙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ጠርዛቸው ላይ ሲፒዩ፣ ዲራም፣ ቪጂኤ እና ቡት የሚሉ አራት መብራቶች አሏቸው። ሲነሳ በስልካችሁ ቅረጹትና የትኛው ላይ እንደቆመ እዩ። ዲራም ላይ ከቆመ ራሙን፣ ቪጂኤ ላይ ከቆመ ግራፊክስ ካርዱን ፈትሹ።

ባትሪዋና ባዮሱ፦ ስፒናውን ነቅላችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለአምስት ደቂቃ ያህል አውጥታችሁ መልሷት። የተበላሸ ሴቲንግ ካለ ይጠፋል። ማዘርቦርዱ ከፕሮሰሰሩ ቀድሞ የወጣ ከሆነ ደግሞ ባዮሱ ፕሮሰሰሩን ላያውቀው ይችላል። ለምሳሌ የቆየ ቢ450 ማዘርቦርድ ባዮሱ ካልታደሰ ራይዘን 5000ዎቹን አያስነሳም። ዕቃው ደህና ነው፤ የሚያስፈልገው ማደስ ብቻ ነው።

3. ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል

በሰከንድ ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ ሾርት ጠርጥሩ። ማዘርቦርዱ ከኬዙ ብረት ከፍ ብሎ የሚቀመጠው በትንንሽ የብረት እግሮች ላይ ነው። ያለቦታው የተተከለ አንድ እግር ወይም ከስር የወደቀች አንዲት ብሎን በቂ ናት። ትንሽ ቆይቶ የሚጠፋ ከሆነ ግን ሙቀት ሊሆን ይችላል። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ስር ያለው ላስቲክ ተነስቷል? ፋኑስ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቷል?

ሁሉም ካልሰራ

ማዘርቦርዱን ከኬዙ አውጥታችሁ በመጣበት ካርቶን ላይ አስቀምጡት። ፕሮሰሰር ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራም፣ ፓወር ሳፕላይ፣ በቃ! ፕሮሰሰሩ ምስል የማያወጣ ከሆነ ግራፊክስ ካርዱን ጨምሩ። እንዲህ ሆኖ ከተነሳ የቀሩትን ዕቃዎች አንድ በአንድ መልሱ፤ በየመሃሉ አጥፍታችሁ ስፒናውን ንቀሉ። ያስቆመው ዕቃ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ ግን የቱ እንደሰራ አታውቁም።

ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጥቶ "ማስነሻ ዲስክ የለም" ካላችሁ ደስ ይበላችሁ። ገጠማችሁ ሰርቷል ማለት ነው፤ የቀረው ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ መጫን ነው።

ጥገና ቤት መሄድ ካለባችሁም ሂዱ፤ ጎበዝ ባለሙያ ብዙ አለ። ግን የሞከራችሁትን በዝርዝር ንገሩት፣ የዕቃዎቻችሁን ፎቶ ያዙ፣ "ተቃጥሏል" ካላችሁም "እንዴት አወቅክ? በሌላ ደህና ዕቃ ቀይረህ አሳየን" በሉት። በእውነት የፈተሸ ሰው ይህ ጥያቄ አያስከፋውም።

እኛ ያቺን 8 ፒን ስንሰካ ስክሪኑ በራ፤ ወጪያችንም ዜሮ ብር ሆነ። እናንተስ ምን ገጠማችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ ሊገጣጥም እያጠራቀመ ላለ ጓደኛችሁም አጋሩት።