የዝላይ ጋላቢ አቀማመጥ፦ በአንድ ፈረስ የሚማሩት፣ በብዙ ፈረስ የሚፈተኑበት

የፈረስ ዝላይ ውድድር ፈረስና ጋላቢ በተከለለ ሜዳ ውስጥ በቅደም ተከተል የተተከሉ መሰናክሎችን አንዱንም አግዳሚ እንጨት ሳይጥሉ በተወሰነላቸው ጊዜ ውስጥ እንዲያልፉ የሚጠይቅ ስፖርት ነው። በኦሊምፒክ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ሲሆን፣ ከፍ ባሉት ውድድሮች የመሰናክሉ ቁመት 1.60 ሜትር ይደርሳል። የወደቀ አግዳሚ አራት ጥፋት ያስቆጥራል፤ ፈረሱ ለመጀመሪያ ጊዜ አልዘልም ብሎ ቢቆምም ቅጣቱ ያው አራት ነው፤ የጋላቢው መውደቅ ግን ከውድድር ያሰናብታል። ዳኛው የሚቆጥረው የወደቀውን እንጨትና ያለፈውን ሰከንድ እንጂ ጋላቢው በኮርቻው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ አይደለም። ይሁንና እንጨቱን ከሚጥሉት ምክንያቶች ብዙዎቹ ተመርምረው ሲታዩ መነሻቸው ይኸው ያልተቆጠረው አቀማመጥ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አስቀድሞ ዝላዩን ራሱን መመልከት ያስፈልጋል። ፈረስ ወደ መሰናክል የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ በደንገላሳ፣ ማለትም ከሶምሶማ በፈጠነና ከሽምጥ ግልቢያ በቀዘቀዘ አካሄድ ነው። ከመሰናክሉ ሥር ሲደርስ የፊት እግሮቹ ደረቱን ወደ ላይ ያነሣሉ፣ የኋላ እግሮቹም ከሆዱ ሥር ተሰብስበው መላ አካሉን ወደ ላይና ወደ ፊት ይወረውራሉ። አየር ላይ ሳለ አንገቱን ወደ ፊትና ወደ ታች ይዘረጋል፣ ጀርባውንም ቅስት ያደርጋል፤ ሲያርፍ ደግሞ ክብደቱን በመጀመሪያ በአንድ የፊት እግሩ፣ ወዲያውም በሌላው ተቀብሎ አንገቱን መልሶ ያነሣል። በገመድ ላይ የሚራመድ ሰው በያዘው ረጅም ዘንግ ሚዛኑን እንደሚጠብቅ ሁሉ ፈረስም ሚዛኑን የሚጠብቀው በአንገቱ ነው። አንገቱ በተያዘበት መጠን ጀርባው ይደነድናል፣ የኋላ እግሮቹም እንጨቱን ለመንካት ይቀርባሉ።

ይህ ዛሬ የታወቀ እውነት ቢመስልም እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የአውሮፓ ፈረሰኞች ልማድ ተቃራኒው ነበር። በጊዜው እርካቡን አርዝሞ፣ በኮርቻው ላይ ተደላድሎ፣ በዝላዩም ወቅት ወደ ኋላ ተንጋሎ ዛቡን፣ ማለትም ከልጓሙ ወደ ጋላቢው እጅ የሚመጣውን ማሰሪያ መሳብ የፈረሱን የፊት እግሮች ከአደጋ ያድናል ተብሎ ይታመን ነበር። ከ1868 እስከ 1907 የኖረው ጣሊያናዊው የፈረሰኛ ጦር መኮንን ፌዴሪኮ ካፕሪሊ ፈረሶች ያለ ጋላቢ ሲዘልሉ በማጥናት ይህን ልማድ ገለበጠው። በእርሱ አስተያየት የጋላቢው ተቀዳሚ ተግባር ፈረሱን አለማወክ ነው፤ ስለዚህ እርካቡን አሳጠረ፣ መቀመጫውን ከኮርቻው አነሣ፣ ደረቱን ወደ ፊት አዘንብሎ እጁ የፈረሱን አፍ እንዲከተል አደረገ። ትምህርቱ በፒኔሮሎና በቶር ዲ ኩዊንቶ የፈረሰኛ ትምህርት ቤቶች ተሰጥቶ ከጣሊያን ወደ ሌሎች አገሮች ጦር ከተዛመተ በኋላ የዘመናዊው ዝላይ መሠረት ሆነ።

የዚህ አቀማመጥ ግንባታ የሚጀምረው ከታች ነው። የእግሩ ፊተኛ ክፍል እርካቡን ይረግጣል፣ ተረከዙ ዝቅ ይላል፣ ባቱም ኮርቻውን ከፈረሱ ደረት ሥር በሚያጠብቀው ጠፍር አጠገብ ጸንቶ ይቆያል። ዝላዩ ሲጀምር የጋላቢው ዳሌ ወደ ኋላ እየሄደ ይታጠፋል፣ ቁርጭምጭሚቱ፣ ጉልበቱና ዳሌውም የፈረሱን ግፊት ተራ በተራ ይቀበላሉ፤ ዓይኑ ከሥሩ ካለው እንጨት ይልቅ ወደሚቀጥለው መሰናክል ያያል፤ እጁም በአንገቱ ግራና ቀኝ ወደ ልጓሙ አቅጣጫ ይሄዳል። ጋላቢው በዚያች ቅጽበት ፈረሱ ከሥሩ ተነቅሎ ቢወሰድ በሁለት እግሩ መሬት ላይ ሊቆም በሚችልበት ሁኔታ ላይ ካለ ሚዛኑ የራሱ ነው ማለት ይቻላል።

ስሕተቱም እንዲሁ ከታች ይጀምራል። ብዙ ጀማሪዎች እንዳይወድቁ በጉልበታቸው ኮርቻውን ይቆነጥጣሉ። ጉልበቱ ሲቆነጥጥ ባቱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ባቱ ሲንሸራተት ደረቱ በፈረሱ አንገት ላይ ይደፋል፤ በማረፊያው ላይም ጋላቢው የሚደገፍበት እግር ስለሌለው ክብደቱ ገና መሬት በነካው የፊት እግር ላይ ይወርዳል። የዚህ ተቃራኒ የሆነው ሌላው ስሕተት ወደ ኋላ መቅረት ነው፤ ፈረሱ ሲነሣ ጋላቢው ዘግይቶ በኮርቻው ላይ ይቀመጣል፣ ሚዛኑንም በዛቡ ለማዳን ስለሚሞክር ልጓሙ የፈረሱን አፍ ይመታል። ይህ ደጋግሞ የደረሰበት ፈረስ መዝለልን ከሕመም ጋር አያይዞ መቆም ይጀምራል፤ ባለቤቱም «እልኸኛ ፈረስ ነው» ይለዋል።

በአንድ ፈረስ ብቻ የሚሠለጥን ጋላቢ እነዚህን ጉድለቶች ይዞ ለዓመታት ሊዘልቅ ይችላል፤ ምክንያቱም ፈረስ ልምድን ፈጥኖ የሚይዝ እንስሳ በመሆኑ የጋላቢውን ጉድለት በራሱ ማካካሻ ይሸፍናል። ጋላቢው ዘወትር ወደ ቀኝ የሚያጋድል ከሆነ ፈረሱ ጠምዘዝ ብሎ መዝለልን ይለምዳል፤ ርቀትን አሳስቶ የሚገምት ከሆነም ልምድ ያለው ፈረስ የመጨረሻ እርምጃውን አሳጥሮ ያርምለታል። ስለዚህ በአንድ ፈረስ የተገኘ ውጤት የጋላቢው ችሎታና የፈረሱ ይቅር ባይነት ድምር ነው፤ ሁለቱን ለይቶ የሚያሳየው ፈረስ መለወጥ ነው።

ፈረሶች የሚለያዩባቸው ነገሮች ብዙ ቢሆኑም ለአቀማመጥ ዋናዎቹ የቁጣ ፍጥነት፣ የእርምጃ ርዝመትና የአዘላለል ቅርጽ ናቸው። በትንሽ ነገር የሚቆጣና ወደ መሰናክል የሚሮጥ ፈረስ ከባድ መቀመጫንና የሚጨብጥ እግርን እንደ «ፍጠን» ትእዛዝ ስለሚተረጉም ከኮርቻው ቀለል ብሎ መነሣትን፣ የማይለቅና የማይጨምቅ እግርን፣ እየያዘ ወዲያው የሚለቅ እጅን ይፈልጋል። ጋላቢዎች የሚሳሳቱት እግራቸውን ጨርሶ ከፈረሱ ጎን በማራቅ ነው፤ የራቀ እግር በድንገት ሲነካው ፈረሱ የባሰ ይደነግጣልና። ዳተኛው ፈረስ በአንጻሩ ጋላቢውን በየእርምጃው እንዲገፋ ይፈትነዋል፤ በደረት መግፋት ግን ክብደቱን ወደ ፈረሱ ትከሻ ከማዛወር በቀር ፋይዳ የለውም፤ የሚረዳው አንድ ጊዜ የተሰጠ ግልጽ የእግር ትእዛዝና ከዚያ በኋላ ጸጥ ያለ እግር ነው። ጀርባውን በኃይል የሚቀስት ፈረስ ልምድ የሌለውን ጋላቢ ከኮርቻ ወደ ላይ ይወረውራል፤ ዘርጋ ብሎ የሚዘል ፈረስ ደግሞ ገና ሳይነሣ ወደ አንገቱ እንዲደፋ ያታልለዋል። ለሁለቱም መድኃኒቱ ዝላዩን አለመቅደም ነው፤ የጋላቢውን ዳሌ መዝጋት ያለበት የፈረሱ መነሣት ነው።

የእርምጃ ርዝመት በቁጥር ሊታይ ይችላል። የውድድር ሜዳ ነዳፊዎች የአንድ ደንገላሳ እርምጃን ብዙውን ጊዜ 3.60 ሜትር ያህል አድርገው ያስባሉ፤ ለማረፊያና ለመነሻ ደግሞ በድምሩ ሌላ 3.60 ሜትር ይተዋሉ። በዚህ ስሌት በመካከላቸው 18 ሜትር ያለባቸው ሁለት መሰናክሎች አራት እርምጃ ይጠይቃሉ ማለት ነው። እርምጃው 3.30 ሜትር የሆነ ፈረስ ግን በአራቱ እርምጃዎች ብቻ 1.20 ሜትር ስለሚጎድለው ከሁለተኛው መሰናክል ርቆ ለመነሣት ይገደዳል፤ እርምጃው 3.90 የሆነው ደግሞ በዚያው ልክ ከእንጨቱ ሥር ይወሸቃል። ስለዚህ በአንዱ ፈረስ ላይ ወደ ፊት መጓዝን የለመደ ጋላቢ በሌላው ላይ ደረቱን ቀጥ አድርጎ መጠበቅን መማር አለበት፤ ይህን ማድረግ የሚችለውም እጁንና መቀመጫውን ለየብቻ የሚያዝ ብቻ ነው።

ይህን ነጻነት የሚያስገኙት ልምምዶች ከፍታ አይፈልጉም። አንደኛው ፈረሱ በረጅም ገመድ ተይዞ በክብ ሲዞር ያለ እርካብና ያለ ዛብ መጋለብ ነው፤ ጋላቢው የሚይዘው ነገር ሲያጣ ሰውነቱ ሚዛንን ከዳሌው መፈለግ ይጀምራል። ሁለተኛው በተለካ ርቀት የተደረደሩ ዝቅተኛ መሰናክሎችን በተከታታይ ማለፍ ነው፤ ርቀቱ አስቀድሞ ስለተለካ ጋላቢው መነሻውን መገመት አይጠበቅበትም፣ ትኩረቱንም ሁሉ በእግሩና በእጁ ላይ ያደርጋል፤ ሲጠነክርም ዛቡን ቋጥሮ በአንገቱ ላይ በመተው ክንዱን ዘርግቶ ያልፋል። ሦስተኛው መሬት ላይ በተጋደሙ ሁለት እንጨቶች መካከል ያለውን ርቀት አንድ ጊዜ በአምስት፣ ሌላ ጊዜ በስድስት እርምጃ መጋለብ ሲሆን፣ ይህ በአዲስ ፈረስ ላይ የመጀመሪያው መተዋወቂያ ሊሆን ይገባዋል፤ ፈረሱ ሲጠየቅ ምን ያህል እንደሚረዝምና እንደሚያጥር ያለ ስጋት ያሳያልና።

በተለያዩ ፈረሶች የመፈተን ሐሳብ በስፖርቱ ከፍተኛ መድረክም ተተግብሮ ነበር። በዓለም ሻምፒዮና የመጨረሻዎቹ አራት ጋላቢዎች አስቀድሞ በየራሳቸው፣ ከዚያም በተራ በሦስቱ ተፎካካሪዎቻቸው ፈረሶች ላይ የሚወዳደሩበት ሥርዓት ለአሥርተ ዓመታት ቆይቷል። በ2010 በኬንታኪ ሌክሲንግተን ቤልጅጋዊው ፊሊፕ ለ ዠን አራቱንም ፈረሶች አንድ እንጨት ሳይጥል ጋልቦ ሲያሸንፍ፣ የሳዑዲ ዓረቢያው አብዱላህ አል ሸርባትሊ ሁለተኛ ወጣ። ይህ ሥርዓት በ2014 በፈረንሳይዋ ካን ከተማ ለመጨረሻ ጊዜ ታይቶ ከዚያ በኋላ ቀርቷል።

ፈተናው ወሰን እንዳለው ያሳየው ደግሞ አምስት ስፖርቶችን በአንድ የሚያጣምረው ዘመናዊ ፔንታትሎን ነው። በዚህ ውድድር ተወዳዳሪው በዕጣ የደረሰውን የማያውቀውን ፈረስ ለ20 ደቂቃ ብቻ ካሟሟቀ በኋላ ይዘል ነበር። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በሴቶቹ ውድድር ስትመራ የነበረች ተወዳዳሪ የደረሳት ፈረስ አልዘልም ማለቱና በላዩ ላይ የደረሰው አያያዝ ብርቱ ቁጣ አስነሣ፤ ግልቢያም ከ2024ቱ የፓሪስ ጨዋታ በኋላ ከዚህ ስፖርት እንዲወጣ ተወሰነ። በደነገጠ ፈረስ ላይ በጉልበት የሚገኝ ውጤት አለመኖሩን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ የጋላቢው እድገት የሚለካው በዘለለው ከፍታ ብቻ አይደለም። አስተማማኙ መለኪያ ከእርሱ በታች የሚሆነው ፈረስ ነው፤ የሚሮጠው ከጥቂት ቀናት ልምምድ በኋላ ረጋ ካለ፣ ዳተኛው ሳይመታ ከተንቀሳቀሰ፣ አንገቱን አሳጥሮ ይዘል የነበረውም ዘርግቶ መዝለል ከጀመረ የጋላቢው አቀማመጥ በእርግጥ ተሻሽሏል። ይህ ለውጥ በአንዱ ፈረስ ታይቶ በሌላው ከጠፋ ግን ጋላቢው ወደ ዝቅተኛው መሰናክል ተመልሶ ያጎደለውን መፈለግ ይኖርበታል።