ዕዳው ከደመወዝ፣ ስንቁ ከጉረኖ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ለዓመታት 22 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ሆነ። ጭማሪው ዘገየ እንጂ በዛ የሚባል አይደለም፤ 22 ብር ቁርስ፣ ምሳና እራት ማብላት ካቆመ ቆይቷል። ነገር ግን በ1995 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 91 የተጀመረው የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ሥርዓት የምግብና የመኝታ ወጪን ሙሉ በሙሉ በተማሪው ስም ስለሚያስመዘግብ፣ በጀቱ ባደገ ቁጥር ዕዳውም ያድጋል። በወር 30 ቀን፣ በዓመት 10 ወር፣ ለአራት ዓመት ብናሰላው፣ በ22 ብር ጊዜ የምግቡ ዕዳ 26,400 ብር ነበር። በ100 ብር 120,000 ብር ይሆናል። መኝታውና ከማስተማሪያው ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ የሆነው ድርሻ ገና አልተደመረም።

ይህን ቁጥር በሰሜን ሸዋ፣ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ የሚሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። አስቀድሞ ግን ልጁ የሚፈርመው የወጪ መጋራት ውል የሚለውን ይወቅ። ዕዳው የልጁ እንጂ የወላጁ አይደለም። ወለድ አይታሰብበትም። መከፈል የሚጀምረው ተመራቂው ገቢ ሲያገኝ ነው፤ አሠሪው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስገባል፣ ክፍያውም በ15 ዓመት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። መምህር የሚሆን ደግሞ የሚከፍለው በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት ነው። በአገልግሎት መክፈል ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየላከ ያሠራ ነበር።

ከፊታችን ካሉት የአከፋፈል መንገዶች ሁሉ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ቤተሰብ የሚስማማው ይህ ገቢን ተከትሎ የሚከፈለው ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም የአካባቢው ሀብት በጥሬ ገንዘብ አይቀመጥም። በመንዝና በግሼ ደጋ ገብስ፣ ባቄላና በግ ነው፤ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ በመርሐቤቴ ጤፍና ማሽላ ነው። የአንድ ሌሊት ውርጭ የዓመት ገብስ ይወስዳል። በልጉ የቀረበት ዓመት ደግሞ ቤተሰቡ የሚበላውን ለመግዛት በግ ወደ ገበያ ይነዳል። እንዲህ ባለ ኑሮ ላይ በየዓመቱ በተቆረጠ ቀን የተቆረጠ ገንዘብ አምጡ ማለት፣ ክፉ ዓመት የገጠመውን ልጅ ከትምህርት ማስቀረት ነው።

ባንክስ? መሬቱ ራሱ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ እንደ ከተማ ቤት በዋስትና አይያዝም፤ ሊያዝ የሚችለው የመጠቀም መብቱ ብቻ ነው። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትና በግም መያዣ እንዲሆኑ በሩን ከፍቷል። ሆኖም ዛሬ በግ አስይዞ፣ አራት ዓመት ምንም ሳይከፍል ቆይቶ፣ ልጁ ሥራ ሲይዝ የሚመለስ ብድር የሚሰጥ ባንክ አላየሁም። ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም ለገበሬው በቡድን ዋስትና ሲያበድር የኖረው ከምርት ወይም ከሽያጭ ቶሎ ለሚመለስ ሥራ ነው። አበዳሪ ለትምህርት የሚፈራበትን ምክንያት ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1955 አስረድቶታል፦ ቤት ይያዛል፣ ማሽን ይያዛል፣ በሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለ ዕውቀት ግን በመያዣነት አይወሰድም። ስለዚህ ገበያው የማይሰጠውን መንግሥት ይሰጣል፣ ከወደፊት ገቢም ይሰበስባል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረችው በዚሁ ሐሳብ ነው። ከሥርዓቱ ቀያሾች አንዱ የሆነው ኢኮኖሚስት ብሩስ ቻፕማን የእኛ ደንብ ከመውጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ስለ ኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ፋይናንስ ለዓለም ባንክ ጥናት አቅርቦ ነበር።

ሐሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ የመንዝ አባወራ ልጁን ለማስተማር አሁንም በግ ይሸጣል። ለምን? ብድሩ ለዩኒቨርሲቲው እንጂ ለተማሪው ስለማይደርስ ነው። ምግቡ፣ አልጋውና ትምህርቱ በመዝገብ ላይ ይታሰባሉ። በመዝገብ የማይታሰበው ሌላው ሁሉ ከቤት ይወጣል፦ የአውቶቡሱ ገንዘብ፣ ብርድ ልብሱና ጫማው፣ ሳሙናው፣ የሞጁል ፎቶ ኮፒው፣ ዛሬ ያለ እርሱ መማር የማይቻለው ስልክ ወይም ላፕቶፕ። ምደባው በትምህርት ሚኒስቴር እጅ ስለሆነ ልጁ ደብረ ብርሃን ሊደርሰው ይችላል፤ ጅግጅጋ ወይም ጋምቤላም ሊደርሰው ይችላል። ሁለቱ ለመንግሥት መዝገብ አንድ ናቸው፣ ለቤተሰቡ ኪስ ግን አይገናኙም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ልጁ አንድም በጊዜ አይደርስም፣ አንድም በየመንገዱ እያደረና ዋጋ እየጨመረ ይጓዛል።

የሽያጩ ጊዜ ራሱ ቤተሰቡን ይጎዳል። በግ የሚወደደው ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና እና ለፋሲካ ነው። የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ግን በዓል አይጠብቅም። ጥሪው ኅዳር ላይ፣ የነቢያት ጾም ገብቶ የሥጋ ገበያው ሲቀዘቅዝ ከመጣ፣ ገብሱም ገና አውድማ ላይ ስለሆነ፣ ገበሬው በተገኘው ዋጋ ይሸጣል። ጠቦት ካለው ጠቦት ይሸጣል፤ ከሌለው እናት በግ ይሸጣል፣ የእናት በግ ሽያጭ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ግልገል ይዞ ይሄዳል። ከዩኒቨርሲቲው ክፍያ ይልቅ የምፈራው ይህንን ነው፣ ምክንያቱም በየትኛውም የመንግሥት ሰነድ ላይ እንደ ትምህርት ወጪ አልተመዘገበም።

አንዳንድ ወላጆች ዕዳውን አስቀድሞ መክፈል ይሻል እንደሆነ ይጠይቃሉ። ደንቡ አስቀድሞ ለሚከፍል 5 በመቶ ቅናሽ ይሰጣል። አይሻልም። ወለድ የሌለው ዕዳ በዋጋ ንረት ጊዜ በየዓመቱ ይቀልላል፤ ንረቱ በዓመት 15 በመቶ ቢሆን ከስምንት ዓመት በኋላ የሚከፈል 100 ብር በዛሬ ዋጋ 33 ብር ገደማ ነው። ለ5 በመቶ ቅናሽ ብሎ ከጉረኖው በግ የሚያወጣ ቤተሰብ በግልጽ ይከስራል።

ወደ ተመራቂው ደመወዝ እንምጣ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከዚህ ላይ 2,100 ብር ግብር፣ 805 ብር ጡረታ፣ 1,150 ብር ደግሞ ለወጪ መጋራት ይቆረጣል። በእጁ የሚገባው 7,445 ብር ነው፤ ከዚህ የቤት ኪራይ አለ፣ መንዝ ላሉት እናትና አባት የሚላክ አለ። የ120,000 ብሩን የምግብ ዕዳ ብቻ በወር 1,150 ብር ለመጨረስ ከስምንት ዓመት ተኩል በላይ ይወስዳል። ደመወዙ ካደገ ያጥራል፣ መኝታና ትምህርቱ ሲደመሩ ይረዝማል።

ይህ የቀናው ነው። በሙያው ሥራ አጥቶ በ6,000 ብር የተቀጠረውም ያው 10 በመቶ ይቆረጥበታል፣ 600 ብር። ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ከዚህም ያነሰ የሚያገኝ አለ። የአውስትራሊያው ሥርዓት ከተወሰነ ገቢ በታች ያለውን ሰው አይነካም፤ የእኛው ደንብ እንዲህ ያለ የገቢ ወለል የለውም። ገቢን የሚከተል ዕዳ የሚባለው ገቢው ሲያንስ ሲቆምም ነው፤ ስለዚህ ወለል ሊበጅለት ይገባል።

ከዚህ የሚብሰው የዲግሪው መያዝ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ዕዳው እስኪከፈል ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ይዘው ለተመራቂው ጊዜያዊውን ብቻ ይሰጣሉ። ዋናውን ማስረጃ ወይም ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት የሚጠይቅ አሠሪ ወይም የውጭ ዩኒቨርሲቲ ፊት ልጁ ባዶ እጁን ይቆማል። ዕዳውን ከፍሎ ማስረጃውን የሚያስለቅቀው ጥሪት ያለው ቤተሰብ ልጅ ነው። የድሃው ልጅ ግን ዕዳውን ሊከፍልበት የሚችለውን ሥራ በዕዳው ምክንያት ያጣል። ለሰብሳቢው መንግሥትም ቢሆን ይህ ኪሳራ ነው።

በ2015 ዓ.ም. በሁሉም የትምህርት ዘርፎች የተጀመረው የመውጫ ፈተና አዲስ ሥጋት ጨምሯል። በመጀመሪያው ዙር ከ150,184 ተፈታኞች ያለፉት 61,054 ነበሩ። የመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህል ሲያልፉ፣ ከግሎቹ ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ናቸው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ፈተናውን ያላለፈ ልጅ ዲግሪ አይኖረውም፤ አራት ዓመት የተመገበበትና ያደረበት ወጪ ግን በመዝገቡ ላይ አለ። በግል ኮሌጅ ያለው ደግሞ ገና ከመነሻው ብድር የሚባል ነገር አላገኘም፣ ሁሉንም በጥሬ ገንዘብ ከፍሏል።

መንግሥት ገንዘቡ አይመለስም ብሎ ሲያማርር አልወቅሰውም። የሚቆረጥበት በደመወዝ መዝገብ ላይ የሚገኘው ነርስ፣ የግብርና ባለሙያና የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ነጋዴው፣ በግሉ የሚሠራውና ከአገር የወጣው በአብዛኛው ከመረቡ ውጪ ናቸው፤ የዘገየውንም ገንዘብ ንረቱ ይበላዋል። የዚህ መድኃኒቱ አሰባሰቡን ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ከፋይዳ መታወቂያ ጋር ማያያዝ ነው። የተያዘው አቅጣጫ ግን ሌላ ይመስላል። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ በራሳቸው ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን መቀበል ጀምሯል፤ ሌሎችም ይከተላሉ። ከፍሎ የሚማር መኖሩን አልቃወምም። ነገር ግን ራስ ገዝ በሆነ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ፣ በየትኛውም የትምህርት ክፍል፣ በውጤቱ የገባ ልጅ ሙሉውን በወደፊት ገቢው የመክፈል መብቱ በሕግ ካልተጻፈለት፣ ሕክምናና ምህንድስና የከተማ ልጆች ብቻ ይሆናሉ።

ለስንቁም መላ አለ። ዛሬም ከካፌ ውጪ ለመመገብ የሚመርጥ ተማሪ፣ ነን ካፌ የሚባለው፣ የምግቡን ገንዘብ በወር በወር በእጁ ይቀበላል። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ1995 ባቋቋመችው የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ በኩል የኑሮ ብድር ለተማሪው ራሱ ትሰጣለች። ስለዚህ የመክፈያው መንገድ እዚሁ አገር አለ፤ የሚጎድለው ለጉዞና ለኑሮ የሚሆን መጠን ጨምሮ በዚያው የዕዳ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ585,882 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 48,929 ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ በወር 1,000 ብር፣ በዓመት ለ10 ወር ቢበደር ዓመታዊው ድምር 489 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው፤ በማካካሻ ትምህርት አልፈው የሚገቡት ሲጨመሩ ከፍ ይላል፣ ለተቸገሩት ብቻ ሲሆን ዝቅ ይላል። ለተማሪው በአራት ዓመት 40,000 ብር ተጨማሪ ዕዳ ነው፤ በመነሻ ደመወዙ ሲታሰብ ሦስት ዓመት ያህል ይጨምርበታል፣ ከምግቡ ጋር ሲደመርም ከ12 ዓመት በታች፣ ማለትም በ15 ዓመቱ ገደብ ውስጥ ይቆያል። በዚህ ምትክ ቤተሰቡ በኅዳር ገበያ እናት በግ አይሸጥም።