ከወለድ ነፃ ባንክ ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰው ምን አውቆ ይግባ?

ዘምዘም ባንክ በ2013 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሂጅራና ሌሎችም ተከትለዋል። ነባሮቹ ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮትና ቅርንጫፍ አላቸው። የጀማሪ ባንከር ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ብዙ እህት ወንድሞቻችን ይመዘገባሉ። ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ ግን በአብዛኛው የሚዘጋጁት "እስኪ ስለ ራስህ ንገረን" ለሚለው ጥያቄ ነው። እሱን በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ አድርጋችሁ፣ ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥታችሁ ብትለማመዱት ይበቃል።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ "ሙራበሓ ከወለድ ብድር በምን ይለያል? ስሙ ተቀየረ እንጂ ያው ነው የሚል ደንበኛ ቢመጣ ምን ትለዋለህ?" እዚህ ላይ "ወለድ ሐራም ስለሆነ" ማለት መልስ አይሆንም፤ ያንንማ ጠያቂውም ያውቀዋል። አሠራሩን አስረዱ። አንድ ነጋዴ 400,000 ብር የሚያወጡ የልብስ ስፌት ማሽኖች ፈለገ እንበል። ባንኩ ብሩን አያበድረውም። ማሽኖቹን ራሱ ገዝቶ ንብረቱ ካደረገ በኋላ፣ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን በግልጽ ነግሮት፣ ለምሳሌ በ460,000 ብር በየወሩ እየከፈለ እንዲጨርስ ይሸጥለታል። ነጋዴው ክፍያ ቢያዘገይም የተሸጠበት ዋጋ አይጨምርም። ባንኩ ማሽኖቹን በእጁ ሳያስገባ ከሸጠ ግን የሌለውን ሸጠ ማለት ነው፤ ጎበዝ ጠያቂ የሚፈትናችሁ እዚህች ነጥብ ላይ ነው።

ሙዷረባም እንዲሁ ነው። ትርፍ በስምምነት እንደሚካፈል ብዙዎች ያውቃሉ። ኪሳራ ሲመጣስ? ሠሪው ካላጠፋ ወይም ችላ ካላለ ገንዘቡ የሚጎድለው ከባለገንዘቡ ነው፤ ሠሪው ድካሙን ያጣል። ወዲዓን፣ ሙሻረካንና ኢጃራንም በዚሁ መልክ በራሳችሁ ምሳሌ አዘጋጁ። ሙስሊም መሆን ብቻውን ለዚህ ሥራ ብቃት ተደርጎ አይቆጠርም፤ አሠራሩን አጥንቶ የሚመጣ ሙስሊም ያልሆነ ተወዳዳሪ ሊበልጣችሁ ይችላል።

በሲቪያችሁ ላይ ያልሠራችሁትን ልምድ አትጻፉ። አማናን መሠረት ባደረገ ተቋም በር ላይ በውሸት መቆም ለእኛ አይዋጥልንም፤ ደግሞም ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይጋለጣል።

ቀጠሮው 9:00 ከተባለ ጠዋት 3 ሰዓት ይሁን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ደውላችሁ አረጋግጡ። የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንም ኮፒውንም ያዙ። ስለ ሰላት ሰዓትና ስለ ጁምዓ መጠየቅ ነውር የለውም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሃይማኖት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ብቻ ስለ ሥራው ከተነጋገራችሁ በኋላ መጨረሻ ላይ አንሱት። በዚያው የሙከራ ጊዜውንም ጠይቁ፤ በአዋጁ መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም።